ጳጉሜን በሻርልቪል፦ ከማስታወሻ ደብተሬ

ነሐሴ 27፣ 2015፣ ቅዳሜ

ከፓሪስ የተሳፈርኩበት ባቡር ሻርልቪል-ሜዚዬር ሲደርስ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "ጋር" የሚል ነው። ላ ጋር። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው ያደግኩት። ከቤታችን ለገሃር በእግር ይኬዳል። ለገሃር ማለት የፈረንሳዮቹ "ላ ጋር"፣ ባቡር ጣቢያ መሆኑን አባባ ሺ ጊዜ ነግሮኛል። በጆሮ ብቻ የማውቀውን ቃል ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሳየው ግን ሻንጣዬን እየጎተትኩ ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ ያለፈች ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

አባባ የአባቴ አባት ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው በፈረንጆች 1902 ነው፤ ከተማዋ የተወለደችውም በእሱ ነው። ኩባንያው የፈረንሳይ ስለነበር ሥራው ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። እኔም ፈረንሳይኛ ያገኘሁት ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሁለት ዓመት የተማርኩት የማታ ኮርስ፣ ሌላው አባባ። ጉድ ያፈላብኝ ሁለተኛው ነው፤ እመለስበታለሁ።

የመጣሁት በተማሪዎች ልውውጥ ነው፣ ለአንድ የትምህርት ዓመት። የተቀበሉኝ ባልና ሚስት ናቸው፣ የ12 ዓመት ልጅም አላቸው። እሷን "ማዳም" ስላት ሳቀች። በስሜ ጥሪኝ አለችኝ። አልቻልኩም። በዚህ ማስታወሻም ማዳም ናት።

ነሐሴ 28፣ እሑድ

ፕላስ ዱካልን አሳዩኝ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ አራት ማዕዘን አደባባይ ነው። ቀይ ጡብ፣ ቢጫማ ድንጋይ፣ ዙሪያውን በረንዳ። ያምራል። ከከተማው ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የክፍል አቆጣጠራቸው ነው።

ወደ ኋላ ይቆጥራሉ! ልጅ 11 ዓመት ገደማ ሆኖት ኮሌዥ፣ ማለትም መካከለኛ ትምህርት ቤት፣ ሲገባ "ስድስተኛ" ነው። በዓመቱ አምስተኛ፣ ከዚያ አራተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ይሆናል። ሊሴ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ፣ ሲገባ "ስጎንድ" ይባላል፣ ሁለተኛ ማለት ነው። ቀጥሎ "ፕርሚዬር"፣ አንደኛ። መጨረሻው "ተርሚናል"። እኔ አሥረኛን ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ የተመደብኩት ስጎንድ ነው። ለእናቴ ስልክ ደውዬ "ሁለተኛ ክፍል ነው የገባሁት" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

"ሁለተኛ ክፍል? ወድቀሽ ነው?"

አባባ ከኋላ ሆኖ "ተርሚናል" የሚለውን ሰምቷል። እሱ ገብቶታል። "መጨረሻው ጣቢያ ነው፣ ተዪያት" አላት።

ነሐሴ 29፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን። ትምህርት የሚጀምረው በእነሱ 8፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ነው። አንዳንድ ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘልቃል። በድሬ የግማሽ ቀን ፈረቃ ለለመደ ሰው ይኼ ቀን ሳይሆን ሳምንት ነው።

ስም ሲጠራ አንድ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ማንም አልመለሰም። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። እኔም ማን ይሆን እያልኩ እፈልጋለሁ። ለካ እኔ ነኝ። እዚህ የሚጠራው የቤተሰብ ስም ነው። ፓስፖርቴ ላይ መጨረሻ ያለው ደግሞ የአያቴ ስም ነው። አስተማሪዋ አባባን ነበር የምትጠራው! በዚያ ላይ ስሙ ውስጥ "ጸ" አለች። ጸን የሚያወጣ ፈረንሳዊ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ "ስ" ይላታል፣ አንዱ "ዝ"፣ የስፖርት አስተማሪው ጭራሽ ዘሏት ያልፋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአባባ ስም፣ ያውም ያለ ጸ ልጠራ ነው። እጄን አወጣሁ። "ፕሬዛንት" አልኩ።

ቀጥሎ ያጠፋሁት ይበልጣል። አስተማሪዋ መጥታ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። እኔም "ኢትዮጵያን ታውቂያታለሽ?" አልኳት። በ"ቱ"። ክፍሉ "ኡኡኡ" አለ። ለአስተማሪ "ቩ" ነው የሚባለው፣ የእኛ "እርስዎ" ማለት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ብሆን አንቱታው ከአፌ አይጠፋም ነበር። እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝ አቦ! ድሬ አንቱ ብዙ አይደምቅም። አባባን ራሱ "አንተ" እያልኩ ነው ያደግኩት። ኮርሱ ላይ ሕጉን ተምሬዋለሁ፤ ግን ሰው ሲደነግጥ የሚያወራው እንዳደገበት ነው።

ማታ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ወሬው አባያ ነው። የትምህርት ሚኒስትሩ ጋብሪኤል አታል፣ ተማሪዎች አባያ ለብሰው ትምህርት ቤት መግባት እንደማይችሉ ያስታወቁት ነሐሴ 21 ነበር። ዛሬ ደግሞ ትምህርት የተከፈተበት ቀን ነው። ሃይማኖትን ጎላ አድርጎ የሚያሳይ ልብስና ምልክት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። የአሁኑ ክርክር አባያ ከዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚል ነው። ማዳም ዜናውን ሰምታ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ልብስ አየች። ድሪያዬ ነው።

ድሪያ ለማያውቅ፦ ስስ፣ ሰፊ፣ እስከ እግር የሚወርድ ቀሚስ ነው። ድሬ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሙሽራዋም አሮጊቷም ትለብሰዋለች። ምክንያቱ ሙቀት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ አንገቴ ላይ ማተብ አለ፣ ትንሽ መስቀልም አለችው። እሷ ትንሽ ስለሆነች ችግር የለም ተባልኩ። ድሪያው ግን "ለትምህርት ቤት አይሆንም" አለችኝ ማዳም፣ አፍራ። ማስረዳት ፈልጌ ነበር። ፈረንሳይኛዬ "ሙቀት" ላይ አለቀ። ማተብ ያሰርኩ ልጅ በቀሚሴ እስላም ተብዬ መጠርጠሬ ያስቀኛል። የክፍል ጓደኞቼን ግማሾቹን፣ ሂጃብ ለብሰው አብረውኝ የተማሩትን ሳስባቸው ግን ሳቁ ቀረ።

ነሐሴ 30፣ ማክሰኞ

ሒሳብ ላይ ተስፋ አድርጌ ነበር። ቁጥር ቁጥር ነው፣ ቋንቋ አይፈልግም ብዬ።

አስተማሪው 97 ለማለት "ካትር ቨን ዲ ሴት" አለ። እኔ ደብተሬ ላይ 4፣ 20፣ 10፣ 7 ብዬ ጻፍኩ። ለካ አራት ጊዜ ሃያ፣ ሲደመር አሥር፣ ሲደመር ሰባት ነው። ዘጠና ሰባት ለማለት! ሰባ ደግሞ "ስልሳ አሥር" ነው። ሰዎቹ ሒሳብ የሚጎብዙት ቁጥር በጠሩ ቁጥር ስለሚደምሩ ነው መሰለኝ። ድንበሩን ተሻግሮ ቅርብ ያለው የቤልጂየም ሰው ሰባንና ዘጠናን እንደ እኛ በአንድ ቃል ይጠራል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የተሳሳትኩት።

በዚያ ላይ ነጥቡ ኮማ ነው። ሦስት ነጥብ አምስትን 3,5 ብለው ይጽፋሉ። 1 ቁጥር ላይ ረጅም ጭራ ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ለእኔ ሰባት ይመስለኛል። ሰባትን ደግሞ ወገቡ ላይ ይሰርዙታል።

እኛ ጋ ቲቸር ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። እዚህ አስተማሪው ያወራል፣ ተማሪው እየሰማ ይጽፋል። ርዕሱን በማስመሪያ በቀይ ያሰምራሉ። ደብተራቸው ራሱ ሌላ ነው፤ በሁለት መስመር መካከል ሦስት ቀጫጭን መስመር አለ፣ ትንሿ ፊደል የት ድረስ፣ ረጅሟ የት ድረስ እንደምትቆም የሚነግር። የአማርኛ ደብተሬን በዚያ ብጽፍ ፊደሎቼ ሁሉ ወታደር ይሆኑ ነበር።

በስምንት ክፍለ ጊዜ የጻፍኩት አንድ ገጽ አልሞላም። ግማሹ ቀንና ርዕስ ነው።

ጳጉሜን 1፣ ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ኖቷን ልታውሰኝ ተስማማች። ሰዓትና ቦታ ስትጠይቀኝ እንደ ልቤ "ዩይት ኧር" አልኳት። ስምንት ሰዓት።

ስምንት ሰዓት ላይ ቦታው ደረስኩ። ቦታው የ"ታላቁ አሻንጉሊት አጫዋች" ሰዓት የቆመበት አደባባይ ነው። ሕንፃ ላይ የተገጠመ፣ ወርቅማ ጭንቅላት ያለው ግዙፍ ሰው፣ በየሰዓቱ ዓይኑንና እጁን እያንቀሳቀሰ አሻንጉሊቶች ያጫውታል። ይህ ከተማ የአሻንጉሊት ቴአትር ከተማ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ያዘጋጃል፣ የዘንድሮውም ሊጀምር ቀናት ቀርተውታል። አንድ ትዕይንት አየሁ። ልጅቷ የለችም። ሁለተኛ አየሁ። ሦስተኛው ላይ ናቀችኝ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ማታ ላይ መልእክት ላከች። "እዚህ ነኝ፣ የት ነሽ?" ይላል። በእነሱ 8፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ከምሽቱ! እኔ በድሬ ሰዓት ቀጥሬያት፣ እሷ በራሷ ሰዓት መጥታ። ሮጬ ሄድኩ። ስነግራት አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ኖቷንም ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው አንድ ቃል አላነበብኩም። የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ሹራብ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ተያይዟል፣ የትኛውን ክር ልምዘዝ?

ጳጉሜን 2፣ ሐሙስ

እንግሊዝኛ ክፍል። ዛሬ ቀኔ ነው ብዬ ገባሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። አስተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈና "ወደ ፈረንሳይኛ መልሱ" አለ። አለቀ። እንግሊዝኛው ከሁሉ የገባኝ እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩትም እኔ።

የሚገርመው ዝምታው ነው። ድሬ እያለሁ አፈኛ ነበርኩ። ቲቸር ሳይጨርስ የምመልስ፣ ስም ጻፊ ስሜን ሰሌዳ ላይ የማይረሳው ዓይነት። እዚህ አስተማሪዎቹ "ጭምት ልጅ ናት" ብለው ለማዳም ነግረዋታል። እናቴ ይህን ብትሰማ የሌላ ሰው ልጅ ነው የያዛችሁት ትላቸዋለች።

ፈረንሳይኛ ክፍል ላይ አስተማሪዋ "ሐረር!" ብላ ጮኸች። ጠብቄው ነበር። ገጣሚው አርቱር ራምቦ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፣ በፈረንጆች 1854 እዚህ ተወለደ። ግጥሙን ገና በሃያዎቹ መግቢያ ትቶ፣ በ1880 ሐረር ገባ፣ ነጋዴ ሆነ። ቡና፣ ቆዳ፣ በኋላም ጠመንጃ። በ1891 ጉልበቱን ታሞ በሸክም እስከ ዘይላ ወረደ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ።

"ሐረርን ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

ከድሬ በደንገጎ ዳገት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። "የራምቦ ቤት" የሚባለውን ባለቀለም መስታወት የእንጨት ቤትም አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ልጅ ሆኜ የፊልሙ ጡንቻማ ሰውዬ ቤት ይመስለኝ ነበር። ቤቱ ከእሱ በኋላ የተሠራ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው "ዊ፣ ማዳም" ነው።

ከሐረር ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ሰለቸኝ እያለ ያማርራል አለች። ሐረር ላይ መሰልቸት! ምናልባት የሚያወራው አጥቶ ይሆናል። ይኼን ሰው ትንሽ መረዳት ጀመርኩ።

ጳጉሜን 3፣ ዓርብ

ሩፋኤል። ቤት ብሆን ዝናብ ቢመጣ ልጆች ሁሉ ወጥተው ይጠመቃሉ። እዚህ ጠብ የለም። ሰሞኑን ፈረንሳይን ሙቀት መቷታል፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ክፍላችን ውስጥ ማቀዝቀዣ የለም። ሁሉም በደብተሩ ራሱን ያራግባል፣ አንዷ ራሴን አዞረኝ ብላ ወጣች። እኔ ደህና ነኝ። ለካ አንድ ነገር ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ።

ካንቲን ላይ ግን ሌላ ጣጣ። ጾም ነው። እዚህ ምሳ እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥሎ ነው የሚመጣው፤ ሰላጣ፣ ዋናው ምግብ፣ አይብ፣ ጣፋጭ፣ ዳቦ፣ ሁሉም በአንድ ትሪ ላይ። ሥጋ የሌለበት ምግብ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን እንዲቀርብ ሕግ አላቸው። የዛሬውም እሱ ነበር፣ ደስ አለኝ። ደረስኩ፣ አየሁ፦ አትክልቱ በአይብ ሰጥሟል። ለእነሱ ጾም ማለት ሥጋ አለመብላት ነው፣ ወተትና ዕንቁላል ምን አደረጉ? ዳቦ፣ ካሮትና ፖም በላሁ። ምግብ የምታድለው ሴትዮ ሳህኔን አይታ አዘነች፣ ሁለተኛ ዳቦ ጨመረችልኝ።

ካንቲን ከመሄዳችን በፊት የሆነው ግን ዋናው ነው።

ደወል ተደውሏል። ያለነው ላይኛው ፎቅ ነው። ርቦኛል። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያወራሉ፣ አይንቀሳቀሱም። ሳላስበው ጮክ ብዬ "አን ቯቱር!" አልኩ።

ፀጥ አለ።

አባባ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስንዘገይበት በር ላይ ቆሞ የሚለው ነው። ለጥምቀትም፣ ለሠርግም፣ ለልቅሶም። "አን ቯቱር!" ካለ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንወጣለን። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ "ፍጠኑ" ማለት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ልጅ ግድግዳ ይዞ ነው የሳቀው። ጎረቤቴ እንባዋን እየጠረገች አስረዳችኝ። ድሮ ባቡር ሊነሳ ሲል የጣቢያው ሹም በሮቹ ከመዘጋታቸው በፊት የሚጮኸው ነው፤ "ተሳፈሩ" ማለት ነው። "ከየት አመጣሽው? አያቴ እንኳ እንዲህ አይልም" አለችኝ።

"የእኔ ይላል" አልኳት። በፈረንሳይኛ። ሳላስብ።

ግድግዳ ይዞ የሚስቀው ልጅ የፊቱን ልጅ ትከሻ ያዘ። እሱም የፊቱን። እስከ ካንቲን ባቡር ሆነን ወረድን። ከቪ ስኮሌር፣ ማለትም ከተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ፣ አንዱ ብቅ ብሎ "ቀስ!" አለን።

ማታ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ተከፈተ። ፈረንሳይ ኒውዚላንድን 27 ለ 13 አሸነፈች። ቤቱ ሁሉ ጮኸ። ሕጉ አልገባኝም፤ ኳሱን ወደፊት ለመሄድ ወደ ኋላ ይወረውሩታል። እንደ ክፍሎቻቸው።

ጳጉሜን 4፣ ቅዳሜ

ማዳም ወደ ራምቦ መቃብር ወሰደችኝ። መካነ መቃብሩ መግቢያ ላይ የፖስታ ሣጥን አለ፣ ሰው ለእሱ ደብዳቤ ይከትበታል። እኔም ከደብተሬ ቀድጄ በአማርኛ ጻፍኩ፦ "ሐረር ደህና ናት። ቡናው ተወዷል።" ምን እንደጻፍኩ ማዳም ጠየቀችኝ። ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

ጳጉሜን 5፣ እሑድ

ሙቀቱ ባሰ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠናል። ሁለት ድሪያ አለኝ፤ አንዱን ለማዳም ሰጠኋት። ማታ ጓሮ ውስጥ ለብሳው አትክልት ስታጠጣ አየኋት። ልጇ "እማ፣ ፒጃማ ነው?" አላት። እሷ ግን አላወለቀችም።

ጳጉሜን 6፣ ሰኞ

ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ናት። አንድ ቀን ትርፍ። በዚህች ትርፍ ቀን የሒሳብ ፈተና ውጤት መጣ፦ 13 ከ20።

ድሬ ሆኜ 13 ከ20 ባመጣ ወረቀቱን ለእናቴ አላሳይም ነበር። አስተማሪው ግን "በጣም ጥሩ" ብሎ ጽፎበታል። እዚህ 20 የሚሰጥ የለም ማለት ይቻላል፤ 14 ያመጣ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ከተቀነሰብኝ ሰባት ውስጥ ሦስቱ የእሱን 1 ቁጥር ሰባት ብዬ ስላነበብኩ ነው። ልከራከር ሄድኩ። በ"ቩ" ጀምሬ በ"ቩ" ጨረስኩ። ሁለቱን መለሰልኝ። 15።

ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረንሳይኛ ተጨቃጨቅኩ። ከሰላምታው ይልቅ ጭቅጭቁ ደስ አለኝ።

መስከረም 1፣ ማክሰኞ

ዘመን ተለወጠ፣ እኔ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጂኦግራፊ ነኝ። አደይ የለ፣ ዶሮ የለ፣ አበባዮሽ የለ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ስም ሲጠራ አስተማሪው አባባን ጠራ። "ፕሬዛንት፣ ዛሬ ደግሞ 2016 ነው" አልኩ።

ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወደ ሰሌዳው ወጣሁ። አሥራ ሁለት ባለ ሠላሳ ቀን ወር፣ አንዲት ትንሽ ወር፣ ትናንት ያለቀችዋ ስድስት ቀን። ቃል ሲጠፋኝ ሣልኩ። ግሡን ሁሉ ሳላረባ ነው የተናገርኩት። አንዱ "ስለዚህ አንቺ ከእኛ በሰባት ዓመት ታንሻለሽ?" አለ፤ ሌሎቹ እንኳ አላስጨረሱትም። ደወሉ ሲደወል ገና ጳጉሜን ላይ ነበርኩ። ማንም አልተነሳም። ያ ግድግዳ ይዞ የሚስቀው ልጅ ነው "አን ቯቱር!" ያለው፣ ከኋላ ወንበር፣ በእኔ አነጋገር፣ በድሬ ቅላጼ።

በእረፍት ሰዓት ቤት ደወልኩ። ቤቱ ጢም ብሏል፣ የእጣን ጭስ በስልክ የሚሸት ይመስላል። አባባን አገናኙኝ። እንኳን አደረሰህ ብዬ ታሪኩን ነገርኩት፣ ጆሮው ስለደከመ ሁለት ጊዜ። የፈረንሳይ ልጆች አሁን በእሱ ቃል ከክፍል እንደሚወጡ ነገርኩት።

ትንሽ አሰበ።

"በሰዓቱ ተነሳ?" አለኝ።

"ሁለት ደቂቃ ዘገየ።"

"ሁለት ደቂቃ ምንም አይደል" አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።